ዕጣኑ ወዴት ሄደ?

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ በጃንሆይ ዘመን የተሠራ፣ ምድርና ሦስት ፎቅ ያለው ሕንፃ አለ። ባለንብረቷ ከመንግሥት በጨረታ ገዝተውት ለብዙ ዓመታት ለቢሮ ሲያከራዩት ኖሩ፤ አሁን ክሊኒክ ሊያደርጉት ተነሥተዋል። ስማቸውን ልተወውና እኔ እንደምጠራቸው እትዬ ልበላቸው። እኔ የተጠራሁት በመካኒካል መሐንዲስነት ነው፤ የሕንፃው ውሃ፣ አየርና ፍሳሽ የኔ ጣጣ ነው ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከላይ ወደ ታች ስንዞር የተባባልነውን ከማስታወሻዬና ከትዝታዬ ጽፌዋለሁ። ለጨዋነት ሲባል የቀሩ ሁለት ሦስት ቃላት አሉ።

እትዬ፦ ይኸውልህ ፕሮፎርማው። 46 ስፕሊት ኤሲ፣ ከነገጠማው። እዚህች ጋ ፈርምልኝና በዚህ ወር ሥራ ይጀመር።

እኔ፦ 46 የሚለው ከየት መጣ?

እትዬ፦ ከሻጩ ነዋ። አንድ ልጅ ልከው በሩን ሁሉ ቆጠረ። በበር አንድ አንድ።

እኔ፦ የሽንት ቤቱንም በር?

እትዬ፦ እሱን አልጠየቅኩትም። ልትሠራልኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልታሾፍብኝ?

እኔ፦ እሺ፣ በቁም ነገር። አዲስ አበባ የሚሞቀው መቼ ነው?

እትዬ፦ ከሁዳዴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ማግስት።

እኔ፦ ያኔም ቢሆን ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ነው፤ ቢብስ ሁለት ሦስት ቢጨምር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እርስዎ ራስዎ ነጠላውን ጥለው ጋቢ ያነሣሉ። ይህ ግድግዳ ደግሞ ሙሉ ጡብ ነው። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሮ ቀኑን ቶሎ አይሞቅም። ዱባይ ቢሆን 46ቱንም ዓይኔን ሳላሽ እፈርም ነበር።

እትዬ፦ ታዲያ እዚህ የቆምንበት ክፍል ተከራይ የነበረው ጠበቃ፣ «እንደ ዳቦ ተጋገርኩ» እያለ ኪራይ ያስቀነሰኝ ዋሽቶ ነው?

እኔ፦ አልዋሸም። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። የእኛ ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ አናት ስለምትጠጋ፣ ለሰሜንና ለደቡብ መስኮት አንድ ክንድ ጥላ ይበቃል። በምዕራቡ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አግድም ገብታ ወለሉ ላይ ትተኛለች። እስቲ እጅዎን አውጥተው የመስኮቱን ዳር ይዳብሱ።

እትዬ፦ ምን አለው? ቀለም የተቀባ ብረት... ማጠፊያ ነገር ነው።

እኔ፦ የእንጨት መዝጊያ ማጠፊያ ነው። ሕንፃውን የነደፈው ሰው ፀሐይ መስታወቱን ሳታልፍ ውጭ እንድትቀር ብሎ አድርጎት ነበር። በአንዱ ዘመን መዝጊያውን አውልቀው ማገዶ ሳያደርጉት አልቀሩም፤ ማጠፊያው ግን እምቢ ስላለ ላዩን ቀቡት። በዚህ ወገን ያሉት አምስት ክፍሎች መዝጊያቸው ይመለስላቸው።

እትዬ፦ በጄ፣ አምስት ቀነስክ። አርባ አንዱስ?

እኔ፦ ስፕሊት ምን ያደርጋል ብለው ነው የሚገዙት?

እትዬ፦ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል።

እኔ፦ ከየት?

እትዬ፦ ከውጭ! ካልሆነ ውጭ የሚሰቀለው ሣጥን ምን ሊሠራ ነው?

እኔ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል የሚያልፉት ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች ናቸው፤ በውስጣቸው የሚመላለሰው ጋዝ ነው። ከውጭ አንዲት እፍኝ አየር አይገባም። ማሽኑ የክፍሉን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያንኑ ይመልሳል። ሠላሳ ሰው ተራ በሚጠብቅበት ክፍል ውስጥ አንዱ ቲቢ ቢኖርበትና ቢያስል፣ ስፕሊቱ ያንን ሳል ለሠላሳውም በትጋት ያዳርሰዋል። በዚያ ላይ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ተብሎ መስኮቱ ተዘግቷል።

እትዬ፦ በስመ አብ!

እኔ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በመስኮት አየር ለሚያገኝ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር ይላል። ለሠላሳ ሰው 1,800 ሊትር ነው። ይህን በማሽን ላምጣልዎ ብል አየሩ የሚያልፍበት የላሜራ ዳክት ብቻ ኮሪደሩን ይሞላዋል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ግን ነፋስ ባለበት ቀን በነጻ ይሰጡናል።

እትዬ፦ መመሪያው የቸርችልን አቧራ ያውቀዋል? የጥሩምባውን ጩኸትስ? መስኮት ከፍቼ ቁስል ላይ የታክሲ ጭስ ላርከፍክፍ?

እኔ፦ እዚህ ላይ ረቱኝ። ስለዚህ ተራ መጠበቂያውና የምርመራ ክፍሎቹ ወደ ጓሮው ይዙሩ። በመንገዱ በኩል ላብራቶሪውና ራጁ ይግቡ። ማሽኖቻቸው ቀን ከሌሊት ሙቀት ይተፋሉ፣ አቧራም አይወዱም። እነሱ መስታወታቸው ተዘግቶ ስፕሊት ቢገባላቸው አልከራከርም።

እትዬ፦ አርክቴክቱ ላብራቶሪውን ጓሮ አድርጎ ነው የሳለው።

እኔ፦ ከአርክቴክቱ ጋር እኔ እጣላለሁ። እርስዎ ዕጣን አለዎት?

እትዬ፦ ዕጣን? አንተ ልጅ፣ ጠበል ልትረጭልኝ ነው?

እኔ፦ አየር አይታይም፣ ጭስ ግን ይታያል። ከታች ካለው ካፌ ጥቂት ፍምና ዕጣን ያስመጡልኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እጠብቅዎታለሁ።

(ልጅቷ ማጨሻውን ይዛ መጣች። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀመጥነው። ጭሱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥሎ አንገቱን ሰበር አደረገና በኮሪደሩ ኮርኒስ ሥር እየተሳበ ሄደ። ስምንት እርምጃ ያህል ተከተልነው። ወደ ግራ ታጥፎ አንድ ሰፊ ክፍል ገባ።)

እኔ፦ ይህ ክፍል በፕላኑ ላይ ምንድን ነው?

እትዬ፦ ...ቀዶ ጥገና።

እኔ፦ ከሽንት ቤት ተነሥቶ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ። አየሩ ይህን መንገድ በየቀኑ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ልብስ ለበሰና ታየን። የቡናው ሽታስ እዚህ ድረስ ይመጣል?

እትዬ፦ እንዴት አወቅህ? ካፌው ቡና ሲቆላ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሁሉ ያስነጥሰዋል።

እኔ፦ የሽንት ቤቱን መስኮት ይክፈቱትና ወደ ላይ ይመልከቱ። ይህ ጉድጓድ፣ በሕንፃው መሐል ከምድር እስከ ጣሪያ የሚወጣው፣ ለብርሃንና ለአየር የተተወ ነበር። የሽንት ቤቶቹ ሁሉ መስኮት ወደዚህ ነው የሚከፈተው። በታች የሞቀ አየር በላይ ይወጣል፤ እንደ ጭስ ማውጫ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ቆርቆሮ ማን አለበሰው?

እትዬ፦ (ዝም ካሉ በኋላ) እኔ። ዝናቡ እየገባ ታች ያለውን ዕቃ አበላሸብኝ።

እኔ፦ ታች ምን ዕቃ አለ?

እትዬ፦ የካፌው መጋዘን ነው። ምድጃውም እዚያው።

እኔ፦ ስለዚህ ከታች እሳት አለ፣ ከላይ ክዳን አለ። የሞቀው አየር ሽቅብ ሄዶ መውጫ ሲያጣ በሽንት ቤቶቹ መስኮት ተመልሶ ይገባል። የሽንት ቤቱን ሽታና የቡናውን ጢስ አብሮ ይዞ። እሳት ቢነሣ ደግሞ ከቡና ጢስ የከፋው በዚሁ በኩል ሦስቱንም ፎቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላዋል። እግዜር ጠብቆዎት ነው የኖሩት።

እትዬ፦ ካፌው በወር ስንት እንደሚከፍለኝ ታውቃለህ?

እኔ፦ ካፌው ይቆይ። ምድጃው ይውጣና በመንገዱ በኩል የራሱ መምጠጫ ይሠራለት። ጉድጓዱ ግን ያስፈልገኛል፤ ለአየሩ ብቻ አይደለም። አዲሱን የውሃና የፍሳሽ ቧንቧ በየት አድርጌ ላውጣው? በዚህ በቴራዞ ደረጃ ላይ?

እትዬ፦ ደረጃዬን እንዳትነካ! ይህን ሕንፃ የገዛሁት ለደረጃው ስል ነው።

እኔ፦ የእድሳት ሥራ የሚጀመረው ከዚህ ነው፤ የማይነካውን ከማወቅ። አፍሪካ አዳራሽን ያስታውሳሉ? በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያ ተመሠረተ፣ በጥቅምት 2017 ደግሞ ታድሶ ተከፈተ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። በዚያ ፊት ለፊት ዳክት ላንጠልጥል የሚል መሐንዲስ ቢመጣ ምን ይሉታል?

እትዬ፦ ወፈፌ።

እኔ፦ የእርስዎ መስታወት ደረጃው ነው። እኔም ሌላ መንገድ ፍለጋ ስዞር ሕንፃው ራሱ ጉድጓዱን ትቶልኛል። የወለሎቹ ሶሌታ ባለ ብሎኬት ነው፤ በየመሐሉ ፌሮ የተሸከመ ወገብ አለው፣ እንዳሻኝ ልበሳው አልችልም። በጉድጓዱ አንድ ግድግዳ ላይ ግን ቧንቧው ሁሉ ተሰልፎ ይወርዳል። ቢፈስ ይታያል፣ ቢበላሽ ኮርኒስ ሳይፈርስ ይጠገናል።

እትዬ፦ የውሃው ቧንቧ እኮ ደህና ነው። ውሃ ነው የሌለው።

እኔ፦ ትናንት የቧንቧ ሠራተኛው ከምድር ቤቱ አንድ ክንድ ቆርጦ ሰጥቶኛል። ይኸው። በዚህ በኩል ይዩበት።

እትዬ፦ ጨለማ ነው... አይ፣ ይታያል። እርሳስም አያስገባ።

እኔ፦ አንድ ኢንች ቧንቧ ነበር። ሲገጠም አውራ ጣቴ ይገባ ነበር፤ የቀረውን ዝገት በልቶታል። እርስዎ ውሃ ጠፋ እያሉ ትልልቅ ፓምፕ ሲቀያይሩ ኖረዋል። ፓምፑ ምን ያድርግ? በዚህ ቀዳዳ ነው የሚገፋው።

እትዬ፦ ሦስት ፓምፕ! የመጨረሻው ጣሊያን ነው ብለው በእጥፍ ሸጡልኝ። እሺ፣ ወደ ቀዶ ጥገናው እንመለስ። ጉድጓዱ ተከፈተ፣ ሽታው ወጣ እንበል። ክፍሉ እዚያው ይሁን?

እኔ፦ አይሆንም። ቀዶ ጥገና ክፍል በመስኮት አይሆንም፤ እውነተኛ ማሽን የሚፈልገው እሱ ነው። አየሩ ከውጭ ተስቦ፣ በደቃቅ ማጣሪያ አልፎ፣ በሰዓት 20 ጊዜ መለወጥ አለበት። ክፍሉ ስድስት በስድስት፣ ከፍታው ሦስት ሜትር ቢሆን 108 ሜትር ኩብ ነው፤ በሃያ ሲባዛ በሰዓት 2,160። የሚገባው ከሚወጣው በልጦ ክፍሉ እንደተነፋ ፊኛ መሆን አለበት። በሩ ሲከፈት አየር ወደ ውጭ ይግፋ እንጂ የኮሪደሩ ወደ ውስጥ አይግባ። የቲቢ ታማሚ የሚተኛበት ክፍል ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ወደ ውስጥ ይሳብ፣ ወደ ኮሪደር አይውጣ።

እትዬ፦ ገባኝ። ታዲያ ማሽኑን እዚህ ብትሰቅለውስ?

እኔ፦ ዳክቱ ግማሽ ሜትር በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቢሙ ወደ ታች 45 ሳንቲ ሜትር ወርዷል፤ ዳክቱ ከሥሩ ሲያልፍ ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ20 ላይ ይመጣል። የቀዶ ጥገና መብራት የት ይሰቀል? ረጅም ሐኪም ቢቀጥሩ አናቱን ነው የሚለው። ምድር ላይ ግን፣ ለሱቅ ተብሎ ስለተሠራ፣ ከፍታው አራት ሜትር ተኩል ነው።

እትዬ፦ ምድሩን ተወው! ምድር እኮ ወርቅ ነው። እዚያ ፋርማሲ፣ ከጎኑ ባንክ...

እኔ፦ የመንገዱ ፊት ለባንኩ ይሁን። እኔ የምፈልገው የጓሮውን ክፍል ነው፤ አሁን አሮጌ ወንበር የተከመረበትን። ማሽኑ ከጓሮው ዝቅተኛ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ዳክቱ አራት ሜትር ሄዶ ይገባል። በሽተኛ በአልጋ ሲገፋ ሊፍት አይጠብቅም። ይህ ሊፍት ለነገሩ አልጋ አያስገባም። መብራት ሲጠፋስ? ሰመመን የተሰጠው ሰው በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል...

እትዬ፦ በቃ፣ በቃ። አትጨርሰው። ይወሰድ ያ ክፍል።

(ጓሮ ወጣን። አሮጌው ጀነሬተር በኢተርኒት ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። ኢተርኒቱን በመዶሻ እንዳይሰብሩት፣ እያረጠቡ ሙሉውን እንዲያወርዱት ለፎርማኑ ነገርኩት፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ሦስተኛ ፎቅ የቀሩት ሁለት አሮጌ ኤሲዎችም ይነቀላሉ። ጋዛቸው አር 22 ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንደኛ ላሉ አገሮች የሰጠው ጊዜ በ2030 ያበቃል፣ ለጥገና ከሚተወው ጥቂት በስተቀር።)

እትዬ፦ ጀነሬተሩ 100 ኬቪኤ ነው፤ ይበቃናል ብሎኛል ኤሌክትሪሻኑ።

እኔ፦ ወረቀቱ ላይ 100 ነው። እህትዎ ድሬዳዋ አይደሉም? እዚያ ባቄላ ሲቀቀል እንዴት ነው?

እትዬ፦ ቶሎ ይበስላል። እዚህ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል እንጂ አይበስልም። ምን አመጣው?

እኔ፦ እኛ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ነን። ውሃችን የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ ተርቦ የሌለው አሮጌ ስለሆነ ከመቶው አንድ አምስተኛ ያህል አዲስ አበባ ወስዳበታለች። ካታሎግ የሚጻፈው በባሕር ጠለል ልክ ነው። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው።

እትዬ፦ ንገረኝ እስቲ።

እኔ፦ ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ሲታደስ የጀነሬተሩን ክፍል ማራገቢያ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ሙቀቱን አሰላሁ፣ ካታሎጉን ገለጥኩ፣ ልክ የሚሆነውን አዘዝኩ። ማራገቢያው እዚህም እዚያም የሚገፋው መጠን እኩል ነው፤ የሚገፋው አየር ግን እዚህ ቀላል ስለሆነ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም መጠኑ በሲሶ መጨመር ነበረበት። አልጨመርኩም። አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ተነሣ፣ አርባ ደቂቃ ሠርቶ ከሙቀት ራሱን አጠፋ። አዳራሹ ውስጥ ሠርግ ነበር። ሙሽሮቹ ኬክ የቆረጡት በስልክ መብራት ነው።

እትዬ፦ (እየሳቁ) ደግሞ ሰው ታሾፋለህ!

እኔ፦ እሱ ለሳቅ ይሆናል። ክሊኒክ ላይ ግን የማያስቅ አለ። ዕቃ መቀቀያው፣ አውቶክሌቩ፣ በጌጅ ብቻ የሚሠራ የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ባሕር ዳርቻ ላይ 121 ዲግሪ ነው። እዚህ ያው 15 ማለት 117 ግድም ነው። 121 እንዲደርስ ጌጁ ወደ 19 መጠጋት አለበት። ነርሷ መመሪያው ያለውን 15 አይታ ታወጣዋለች፤ ጀርሙ ግን መመሪያ አያነብም። በሙቀት መለኪያ የሚቆጣጠረውን ይግዙ።

እትዬ፦ ይህንን ሻጩ አልነገረኝም።

እኔ፦ የመጨረሻው ጣሪያው ላይ ያሉት ሮቶዎች ናቸው። ሁለት ባለ 5,000 ሊትር፣ ሲሞሉ አሥር ቶን፤ የተቀመጡት ሶሌታው መሐል ላይ ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአፋር በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚህ ነበሩ?

እትዬ፦ ነበርኩ። ብርጭቆዎቹ ሁሉ ተንጫጩ። ከአልጋዬ ወርጄ ኪዳነ ምሕረትን ጠራሁ።

እኔ፦ ከራስዎ በላይ አሥር ቶን ውሃ እየተወዛወዘ ነበር። ኮለኖቹ አናት ላይ ይዙሩና በብረት ይታሰሩ።

እትዬ፦ አሁን ቁጥሩን ንገረኝ። ከ46ቱ ስንት ቀረ?

እኔ፦ ላብራቶሪ ሦስት። መድኃኒት ከ25 ዲግሪ በታች ስለሚቀመጥ ለመጋዘኑ ሁለት። ራጅ አንድ፣ ሰርቨር አንድ። ሰባት። የቀዶ ጥገናው ማሽን ለብቻው ነው፤ እሱ ርካሽ አይደለም፣ ካሁኑ ልንገርዎ። ከስፕሊቱ የተረፈው ለእሱ፣ ለቧንቧውና ለመዝጊያዎቹ ይሄዳል።

እትዬ፦ ስለዚህ ብር አላተረፍክልኝም።

እኔ፦ ብዙም።

እትዬ፦ ቢያንስ አትዋሽም።

በሁለተኛው ሳምንት ፕላስቲክ ቆርቆሮው ወረደ። በቦታው፣ ከግንቡ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ አራት ጎኑ ክፍት የሆነ ክዳን ተሠራ፤ ዝናብ አያስገባም፣ አየር አይከለክልም። የካፌው ምድጃ ወጥቷል። እትዬ ሳይጠየቁ ማጨሻውን ራሳቸው ይዘው መጥተው ያችው ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። ጭሱ ትንሽ አመነታና ወደ መስኮቱ ዞሮ በጉድጓዱ ሽቅብ ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ የገባ አልነበረም።

የተከለሰው ፕሮፎርማ ስምንት ስፕሊት ይላል። ስምንተኛው የእትዬ ቢሮ ነው፤ ጠበቃው የተጋገረበትን ክፍል ለራሳቸው ወስደውታል። መዝጊያው እንደሚበቃ ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፣ አልሰሙኝም።